«ነቀርሳ» ሲሉን ደስ አለን

ዛሬ እንደ ወትሮው የፍቅር ጣጣ ወይም የቤት ኪራይ ንዝንዝ አላወራችሁም። የማወራችሁ ስለ ሳል ነው። «ስለ ሳል ደሞ ምን ይወራል?» ብላችሁ ገጹን ልትገልጡት ከሆነ እባካችሁ ትንሽ ታገሱኝ። እኔም ከሁለት ዓመት በፊት ብሆን ኖሮ እገልጠው ነበር።

ሳሉ የጋሼ ነው። ጋሼ የእናቴ ታላቅ ወንድም ነው። አባቴ ገና ልጅ ሳለሁ ስላረፈ ደብተሬንም ጫማዬንም የገዛልኝ እሱ ነው። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ ውጤት ሳይመጣልኝ ሲቀር፣ ቤተሰቡ ሁሉ ለቅሶ ቤት የተቀመጠ ይመስል ሲተክዝ፣ «ዩኒቨርሲቲ ያልገባ ሁሉ ሞቷል እንዴ?» ብሎ ኬክ ቤት ወስዶ የጋበዘኝ እሱ ብቻ ነበር። ከሠላሳ ዓመት በላይ ከባድ መኪና ነድቷል። መጀመሪያ በአሰብ መስመር፣ በኋላ በጅቡቲ። ሌሊት ለሚነዳ ሰው ደሞ ሲጋራ የማይለይ ጓደኛ ነው፤ በቀን አንድ ፓኮ ይጨርስ ነበር። ካቆመ አሥር ዓመት አልፎታል። ስለዚህ ሳሉ ሲጀምረው ከሲጋራ ጋር ያገናኘው ሰው አልነበረም። «ያቆመ ሰው ምን ይሆናል?» ነው ያልነው። ማቆም አደጋውን እያደር ይቀንሰዋል እንጂ የዚያን ሁሉ ዓመት ጭስ ጨርሶ እንደማይሽረው ያወቅኩት በኋላ ነው።

በቤት መድኃኒት ተጀመረ። ጤና አዳም፣ ዝንጅብል፣ ጥቁር አዝሙድ በማር... ከዚያ ክሊኒክ ሄደ። «የሳንባ ምች» ተባለና አንቲባዮቲክ ዋጠ፣ ተሻለው። ወር ሳይሞላ ተመለሰበት። ሌላ አንቲባዮቲክ። ለሦስተኛ ጊዜ ራጅ ሲነሳ በቀኝ ሳንባው ላይኛው ክፍል ላይ ያለው ነጭ ጥላ እንደ በፊቱ እዚያው ቦታ ቁጭ ብሏል። አክታው ተመረመረ፣ ምንም አልተገኘበትም። ሐኪሙ ራጁን ወደ መስኮቱ አንስተው ገልበጥ መለስ አደረጉና «የሳንባ ነቀርሳ ሳይሆን አይቀርም» አሉ። የስድስት ወሩ መድኃኒት ተጀመረ።

እዚህ ላይ አማርኛችን ጉድ ይሠራናል። «ነቀርሳ» ሲባል ግማሹ ሰው ቲቢን፣ ግማሹ ካንሰርን ይረዳል። አክስቴ ቃሉን ስትሰማ ነጠላዋን አውርዳ ልትጮህ ነበር። «ኧረ እትዬ፣ ቲቢ ነው ያሉት፣ ቲቢ!» ስላት «ተመስገን!» ብላ መሬት ሳመች። ቲቢ ያዘው ተብሎ የተደሰተ ቤተሰብ አይታችሁ ታውቃላችሁ? እኛ ነበርን። ማታውኑ ቡና ተፈላ።

እኚያን ሐኪም ለመውቀስ አይደለም። በአገራችን ቲቢ ከሳንባ ካንሰር ይልቅ እጅግ የተለመደ በሽታ ነው። አክታ ላይ ሳይታይ ቲቢ የሚሆንበት ጊዜም አለ። በራጅ ላይ ደግሞ ሁለቱ መንታ ወንድማማቾች ሊመስሉ ይችላሉ። መድኃኒቱን ማስጀመራቸው ላይ አይደለም ጥፋቱ። መድኃኒቱ አልሠራ ሲል «ቆይ፣ ነገሩ ሌላ ይሆን እንዴ?» ብሎ የጠየቀ ሰው መጥፋቱ ነው። እኛንም ጨምሮ።

ጋሼ ክኒኑን አንድ ቀን ሳያጓድል ዋጠ። መድኃኒቱ ሽንቱን ብርቱካንማ ሲያደርገው «ራዲያተሬ ዝጓል» እያለ ያስቀን ነበር። ሁለት ወር አለፈ፣ ሦስት ወር አለፈ። ሳሉ እዚያው ነው። ቀበቶው ላይ በሚስማር አንድ ቀዳዳ ጨመረ፤ ትንሽ ቆይቶ ሌላ ጨመረ። በአራተኛው ወር አንድ ቅዳሜ ጠዋት ጓሮ ቧንቧው ሥር ጎንበስ ብሎ መሀረብ ሲያጥብ ደረስኩበት። ውሃው ቀይ ነው። «ምንም አይደለም ልጄ፣ ሳሉ ጉሮሮዬን ቧጥጦት ነው» አለኝ።

ተበድረን ተለቅመን ትልቅ ሆስፒታል ወሰድነው። ሲቲ ስካን ተነሳ። (ዋጋው የሁለት ወር ኪራዬን ነው የበላው፤ እሱን ተዉት።) የሳንባ ስፔሻሊስቱ ፊልሙን ካዩ በኋላ ብቻዬን እንዲያነጋግሩኝ ጠየቅኳቸው። ጋሼን ኮሪደሩ ላይ አግዳሚ ወንበር ላይ ትቼው ገባሁ። ዶክተሩ እንዲህ አሉኝ፤ ወደ ቀኙ ሳንባ ላይኛ ክፍል የሚሄደውን የአየር ቧንቧ አንድ ነገር ዘግቶታል። ምቹም የሚመላለሰው ከተዘጋው ቧንቧ ወዲያ አየር ስለማይገባና አክታው መውጫ ስለሚያጣ ነው። የዘጋው ነገር ምን እንደሆነ ለማወቅ በቀጭን ቱቦ ገብቶ ማየትና ናሙና መቁረጥ ያስፈልጋል። ስሙ ብሮንኮስኮፒ ይባላል።

«ካንሰር ነው ማለት ነው ዶክተር?» አልኳቸው።

«ሊሆን ይችላል። ሳናየው ግን ስም አንሰጠውም። ስም ሳይኖረው ደግሞ መድኃኒት አናዝለትም።»

«እባክዎን ለእሱ እንዳይነግሩብን።»

ቀና ብለው አዩኝ። ምንም አላሉም።

ማታ ቤተሰብ ተሰበሰበ። አክስቴ፣ ነጋዴው ያክስቴ ልጅ፣ ሁለት ጎረቤቶች፣ እኔ። ጋሼ ጓዳ ተኝቷል። ክርክሩ ብዙ አልቆየም። «ካንሰር ብረት ከነካው ይበተናል» አለች አክስቴ። አንደኛዋ ጎረቤት «የባሌ አጎት ናሙና ወስደውለት በወሩ ነው የተቀበረው» ብላ መሰከረች። ያክስቴ ልጅ «በዚህ ዕድሜው ቱቦ በጉሮሮው ሊከቱበት? ማሰቃየት ነው!» አለ። ሁሉም ዞረው እኔን አዩኝ። «አንቺ ጋዜጣ ላይ ትጽፊ የለ? ምን ትያለሽ?»

በየሳምንቱ ለማላውቀው ሰው «ፍርሃትሽን ተጋፈጪው» እያልኩ የምመክር ሴት፣ በዚያ ማታ «እናንተ እንዳላችሁ» ነው ያልኩት። እውነቱን ልንገራችሁ፤ ፈርቼ ነበር። ቱቦው ሳይሆን ቱቦው የሚያመጣው ወሬ ነው ያስፈራኝ። በማግስቱ ሆስፒታል ሄጄ «ቤተሰብ አልተስማማም» ብዬ ተመለስኩ። ለጋሼ ደግሞ «ማሽኑ ተበላሽቷል፣ ሲሠራ ይደውላሉ» አልኩት።

«መለዋወጫ አጥተው ይሆናል» አለ። ለማሽኑ አዘነለት መሰለኝ።

ከዚያ በኋላ በየሳምንቱ ይጠይቀኛል። «ማሽኑ ተሠራ?» አልተሠራም ጋሼ። «ከውጭ ነው የሚመጣው ዕቃው?» ይመስለኛል ጋሼ። ሰባት ሳምንት እንዲህ ዋሸሁት።

በስምንተኛው ሳምንት አንድ ሐሙስ ከሥራ ስመለስ ሱፉን ለብሶ፣ ባርኔጣውን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ሳሎን ተቀምጧል። ብቻውን በታክሲ ሄዶ ነበር። የማሽኑን ጉዳይ ሊጠይቅ!

«ማሽኑ ደህና ነው አሉኝ» አለኝ።

መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ። እሱ ግን አልተቆጣም፤ ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር። «እኔ ስንት ሞተር አስፈትቻለሁ» አለ። «ጋራዥ ስትገቢ መካኒኩ በድምፁ ብቻ ይሄ ነው ካለሽ አትመኚው። ይክፈተውና ይየው። ለመሆኑ እኔን የጠየቀኝ ሰው አለ?»

የለም። ሰባት ሳምንት ሙሉ ስለ ጋሼ ጉሮሮ ጋሼን የጠየቀ አንድ ሰው አልነበረም። እሱ ለማክሰኞ ቀጠሮ ይዞ፣ የስምምነት ወረቀቱን ራሱ ፈርሞ ነው የመጣው። «አብሮኝ የሚመለስ ሰው ያስፈልጋል ብለዋል፤ ትመጫለሽ?» ብቻ ነው ያለኝ።

እንግዲህ ያ ያስፈራን ነገር ምን እንደሚመስል ልንገራችሁ። ከእኩለ ሌሊት ጀምሮ ምግብ አልቀመሰም። ስለሚወስዳቸው መድኃኒቶች፣ በተለይ ደም ስለሚያቀጥኑት፣ ቀድመው ጠይቀውታል፤ የሚወስድ ካለ እንዳይደማ አስቀድሞ ማቆም ሊያስፈልገው ይችላል። አልጋ ላይ ከወጣ በኋላ ጉሮሮውን በሚያደነዝዝ መድኃኒት ረጩለት። «እንደ ኮሶ ይመራል» ብሎኛል። ጣቱ ላይ ኦክስጅን የሚለካ ቁንጢጥ ነገር አደረጉለት፣ በደም ሥሩ ደግሞ የሚያረጋጋ መድኃኒት ሰጡት። ቱቦው ከእርሳስ የቀጠነ፣ እንደ ልብ የሚታጠፍ፣ ጫፉ ላይ መብራትና ካሜራ ያለው ነው። በአፍንጫ ወይም በአፍ ይገባል። መተንፈሻን አይዘጋም፤ ሰው በጎኑ እየተነፈሰ ነው የሚሠራው። ሳል ሳል ያሰኛል፣ የታፈኑ ይመስላል፣ ይህን አልክድም። የሕመም ነገር ግን «ጥርስ ማስነቀል ይብሳል» ነው ያለው።

ኮሪደር ላይ ሆኜ ሰዓቴን አየሁ። ግማሽ ሰዓት አልሞላም። እኔ ግን ሦስት ጊዜ ሽንት ቤት ሄጃለሁ።

በኋላ ዶክተሩ ምስሉን አሳዩኝ። ሳንባ ውስጡ እንዲህ ያምራል ብዬ አስቤ አላውቅም። ሮዝ ዋሻ ነው፤ ዙሪያውን ቀለበት ቀለበት ያለው፣ እየሄደ የሚከፈል፣ እንደ ዛፍ ቅርንጫፍ እየቀጠነ የሚሄድ። ግራው ንጹሕ ነው። በቀኙ የላይኛው ቅርንጫፍ መግቢያ ላይ ግን አበባ ጎመን የመሰለ ነገር በሩን ዘግቶ ተቀምጧል። በቱቦው ውስጥ በሚያልፍ ትንሽ መቆንጠጫ ከላዩ ላይ አምስት ስድስት ቅንጣት ወስደዋል። ጠርሙሱን ሳየው የሰሊጥ ፍሬ የሚያካክሉ ነገሮች ናቸው ፈሳሽ ውስጥ የተቀመጡት። ለዚህ ነው ሰባት ሳምንት የጠበቅነው? ቦታውን በጨው ውሃ አጥበውም ወስደዋል፤ ውሃው ለቲቢም ተመረመረ። ቲቢ የለም።

ከወጣ በኋላ የጉሮሮው ድንዛዜ እስኪለቀው ሁለት ሰዓት ያህል ውሃ እንኳ ተከለከለ፤ የደነዘዘ ጉሮሮ ውሃን ወደ ሳንባ ይልካል። ነርሷ «ዛሬ መኪና እንዳይነዱ» ስትለው ጋሼ በዚያ ጎርናና ድምፁ «ጡረታ ወጥቻለሁ እመቤቴ» አላት። ሁለት ቀን ያህል አክታው ላይ የደም ክር ታየ። ይህ የሚጠበቅ ነው። ብዙ ደም ከመጣ፣ ትንፋሽ ካጠረ ወይም ደረት ከወጋ ግን ወዲያው መመለስ እንዳለብን ተነግሮናል፤ አልፎ አልፎ ሳንባ ሊበሳ ስለሚችል። አደጋ የለውም የሚላችሁን አትመኑ። ይገድላል የሚላችሁንም እንደዚያው።

ይህች ቱቦ ከየት መጣች ብዬ ሳነብ ታሪኳ አስገረመኝ። እ.ኤ.አ. በ1897 ጀርመን አገር ፍራይቡርግ ከተማ ጉስታቭ ኪሊያን የሚባል ሐኪም ነበር። አንድ ገበሬ የአሳማ አጥንት ወደ ሳንባው ገብቶበት ሲሰቃይ፣ ቀጥ ያለ የብረት ቱቦ በአፉ ከትቶ አወጣለት። ማደንዘዣው በዚያን ዘመን ኮኬይን ነበር! ለሰባ ዓመት ያህል ይኸው የማይታጠፍ ብረት ነው ያገለገለው። እ.ኤ.አ. በ1966 ሺገቶ ኢኬዳ የተባለው የጃፓን ሐኪም በቀጫጭን የመስታወት ክሮች ብርሃን እያሳለፈ የሚታጠፈውን ይዞ ብቅ አለ። የአክስቴ «ብረት» እንግዲህ የዛሬ ስልሳ ዓመት የቀረ ነው። በኛም አገር ቢሆን ከ2005 ዓ.ም. ወዲህ የሳንባ ስፔሻሊስቶች ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ውስጥ እየሰለጠኑ ነው።

ውጤቱ በአሥረኛው ቀን ደረሰ። ካንሰር ነው፤ ስኳመስ ሴል የሚባለው ዓይነት። ብዙ ጊዜ አጫሾችን የሚይዝ፣ ትልልቆቹ ቧንቧዎች ላይ መቀመጥ የሚወድ። ለዚህም ነው ቱቦው በቀላሉ ያገኘው። ሳንባ ዳር ላይ ያለ ዕጢ ቢሆን ይህ ቱቦ ላይደርስበት ይችላል፤ ያን ጊዜ ከውጭ በደረት በኩል በሲቲ እየተመሩ በመርፌ ነው ናሙና የሚወስዱት። ስለዚህ ብሮንኮስኮፒ ምንም አላገኘም ማለት ካንሰር የለም ማለት አይደለም። ዓይነቱን መለየት ደግሞ ለወግ አይደለም። አንዱ ዓይነት በቀዶ ሕክምና፣ ሌላው ከጅምሩ በኬሞቴራፒ ይታከማል፤ ያለ ስም የሚሰጥ መድኃኒት የለም። የጋሼ በደረቱ መሀል ወዳሉት እጢዎች ደርሷል። (ጫፉ ላይ አልትራሳውንድ የተገጠመለት ቱቦም አለ፤ እነዚያኑ እጢዎች ከውስጥ ሆኖ በመርፌ የሚወጋ።) በዚህ ምክንያት ቀዶ ሕክምናው ቀረ።

አሜሪካ ያለችው ያክስቴ ልጅ ደወለች። «እዚህ በዚያው ቱቦ ያቃጥሉታል፣ በሌዘር! ለምን አያደርጉለትም?» እኔም ለዶክተሩ አቀረብኩ። ዕጢ ዋናውን የአየር ቧንቧ ዘግቶ ሰው ሊታፈን ሲል በቱቦ ገብቶ ማቃጠል፣ በብርድ አድርቆ መቁረጥ፣ ወይም ቧንቧው እንዳይዘጋ ስቴንት የሚባል ማስፋፊያ መትከል ይቻላል አሉኝ። የሚደማውንም ያቆሙበታል። ለዚህ ብዙ ጊዜ ያ የድሮው ቀጥ ያለ ብረት ነው የሚመረጠው፤ በሽተኛው ሙሉ በሙሉ ተኝቶ። ነገር ግን ገና ጅማሬው ላይ ቧንቧው ግድግዳ ላይ ብቻ የተገኘ ካልሆነ በቀር ይህ ትንፋሽ መስጠት ነው፣ በሽታውን መንቀል አይደለም። ጋሼ በሌላው ሳንባው በደንብ ይተነፍሳል፤ ለጊዜው አያስፈልገውም።

ከመውጣቴ በፊት ሆዴ ውስጥ ሲበላኝ የሰነበተውን ጠየቅኳቸው። ናሙና መውሰድ ይበትነዋል ወይ?

«በደምና በሊንፍ መንገድ ራሱ ነው የሚሰራጨው፤ እኛን አይጠብቅም» አሉኝ። «ናሙና በተወሰደ በወሩ ሞተ የሚባለው ሰው ብዙ ጊዜ ወደኛ የመጣው ሊሞት ወር ሲቀረው ነው።»

«እና... ሰባቱ ሳምንት?»

ብዕራቸውን አስቀመጡ። «ሰባቱ ሳምንት ይህን አደረገ ብዬ ልምልልሽ አልችልም። ምንም አላደረገም ብዬም አልምልልሽም።»

ይህን መልስ ይዤ ነው የምኖረው። ስለዚህ እናንተም ቤት የሚስል ጋሼ፣ አባባ ወይም እማማ ካለ፣ ሳሉ ሁለት ሦስት ሳምንት ካለፈ አስመርምሩ። አክታው ደም ካለው፣ ቀበቶው ላይ ቀዳዳ ከተጨመረ፣ ምቹ እዚያው ቦታ ከተመላለሰ፣ ወይም የቲቢ መድኃኒት ሁለት ወር ተውጦ ለውጥ ከሌለ «ሌላ ነገር ይሆን እንዴ?» ብላችሁ ሐኪሙን ጠይቁ፤ አይቆጧችሁም። ደፍራችሁ ደግሞ በሽተኛውን ራሱን ጠይቁት። የሳንባ ካንሰር እ.ኤ.አ. በ2022 ብቻ በዓለም ላይ 1.8 ሚሊዮን ያህል ሰው ገድሏል፤ ከካንሰር ሁሉ ገዳዩ እሱ ነው። ሲጋራ ነክታችሁ የማታውቁም ቢሆን «አይመለከተኝም» አትበሉ፤ አጭሰው የማያውቁ ሰዎችንም ይይዛል።

ጋሼ አሁን በየሦስት ሳምንቱ ኬሞ ይወስዳል። ፀጉሩ አልቋል፤ ባርኔጣው ስለሰፋበት ውስጡን በጋዜጣ ሞልቶታል (በኔው ጽሑፍ ነው ይላል)። ደም መትፋቱ ቆሟል። ዙሮቹን የሚቆጥረው በድሮው በአሰብ መንገድ ነው። የመጀመሪያው ናዝሬት፣ ሁለተኛው አዋሽ፣ ሦስተኛው ገዋኔ። ባለፈው አራተኛውን ጨርሶ ሲወጣ «ሚሌ ገባን» አለኝ። ስድስት ናቸው የታዘዙለት። የፊታችን ማክሰኞ አምስተኛው ነው። ሎሚ፣ ውሃና ፌስታል እኔ እይዛለሁ፤ ጋቢውን እሱ።